የኮልፌ ታሪክ በማን ሣጥን ውስጥ ነው?

ሰኔ 22 ቀን 1954 ዓ.ም. ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ አንድ የ43 ዓመት ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ስለ ፈንጂ የመጀመሪያውን ትምህርት ወሰደ። አሠልጣኙ መቶ አለቃ በፈቃዱ ነበሩ። በማግስቱ ልምምዱ ቀጠለ። ይህ ሁሉ ከነቀኑ የሚታወቀው ተማሪው የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስለነበረው ነው።

ተማሪው ኔልሰን ማንዴላ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ለጉባኤ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ አሁን የተመለሰው ለወታደራዊ ሥልጠና ነው። ኢትዮጵያ ‹ዴቪድ ሞትሳማዪ› በሚል ስም ፓስፖርት ሰጥታዋለች፣ ኮልፌ አሳድራዋለች፣ አሠልጥናዋለች። ሲሄድ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጥተው ሸኙት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ማንዴላ ከ32 ዓመት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የኮልፌ ሥልጠና ለ6 ወር ታስቦ በ8 ሳምንት እንደተቋረጠ ይናገራል። ከድርጅቱ ‹ቶሎ ተመለስ› የሚል ቴሌግራም ስለደረሰው ነው። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። ትምህርቱ የተጀመረው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ሰውየው ሐምሌ አጋማሽ ላይ አገሩ ደጃፍ ደርሷል። ሐምሌ 29 ቀን ደግሞ ተይዟል። ቀኑ ሲቆጠር ሥልጠናው 4 ሳምንት እንኳ አይሞላም።

ማንዴላ አልዋሸም። ሠላሳ ዓመት ያለፈበት ትዝታ፣ ለዚያውም ከ27 ዓመት እስር በኋላ፣ ይረዝማል፤ ያጥራል። የእውነቱን ልክ ያቆየው ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱስ እንዴት ተረፈ? ነገሩ እዚህ ላይ ያስገርማል። ደብተሩን ያቆየው ወዳጅ አይደለም። ሐምሌ 4 ቀን 1955 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ሊሊስሊፍ የሚባለውን የእርሻ ቤት ሲወርር ከሌሎች ሰነዶች ጋር ያዘው። ከዚያም በሪቮኒያው ችሎት ‹ይኸው የጦር ትምህርት ወስዷል› ተብሎ ማስረጃ ሆነ። ሊያሰቅለው የሚችል ክስ የመሠረተበት ዐቃቤ ሕግ ለደብተሩ ቁጥር ሰጥቶ፣ ከመዝገብ ጋር አያይዞ፣ ሳያውቀው ለታሪክ አስቀመጠለት። የዚያ ችሎት መዝገብ ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ንብረት ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ የኮልፌን የ1954 ክረምት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ወደ ፕሪቶሪያ ያቀናል።

ይህ የእንግዳው ወገን ነው። የአስተናጋጁስ?

በእንግዳው መጽሐፍ ላይ የአሠልጣኙ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ‹ወንዶኒ በፈቃዱ› ተብሎ ነው የተጻፈው። ‹ወንዶኒ› ለአማርኛ ጆሮ የማይገጥም ስም ነው። የውጭ ሰው እንደሰማው የጻፈው እንደሆነ ያስታውቃል። እኚህ ሰው ጣሊያንን በዱር የተዋጉ አርበኛ እንደነበሩም መጽሐፉ ይነግረናል። እንግዲህ አንድ አርበኛ፣ በኋላ የፖሊስ መኮንን፣ ከዚያም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት ሰዎች የአንዱ አስተማሪ የሆነ ሰው፣ በዓለም መጽሐፍ ውስጥ የሚኖረው ስሙ ተጣሞ ነው። ትክክለኛው ስም የሚገኘው የሹመት ደብዳቤ ላይ፣ የጡረታ ደብተር ላይ፣ ምናልባትም ከሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ነው። ቤተሰብ ዘንድ ማለት ነው።

ጄኔራል ታደሰ ብሩን ውሰዱ። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን የቆሙ የፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዥ ነበሩ። ቀጥሎ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መሪ፣ ከዚያ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ፊታውራሪ፣ ከዚያ በሞት ፍርድ የተቀጡና ቅጣቱ የተሻሻለላቸው እስረኛ ሆኑ። መጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወገን የተቀያየረባቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውም ሆነ የተጻፈለት ወረቀት በየትኛውም ዘመን ለያዘው ሰው አደጋ ነው። የትናንቱ መሸለሚያ የዛሬው መከሰሻ ይሆናል።

ሦስተኛው ሰው ካፒቴን ጉታ ዲንቃ ናቸው። ያን ጊዜ በካምፑ የማንዴላ ጠባቂ ነበሩ። እሱን አንቀው እንዲገድሉ ገንዘብ ቀርቦላቸው እንደነበረና ሴራውን ለአለቆቻቸው እንዳጋለጡ ለውጭና ለአገር ውስጥ ጋዜጠኞች ተናግረዋል። የተናገሩት ግን ነገሩ ከሆነ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአፍ ነው። በዚያ ሰሞን የተረኛ ጥበቃ ዝርዝር የያዘ አንድ ገጽ፣ አንድ የዕለት ሁኔታ መግለጫ ከምስክርነቱ ጎን ቢቀመጥ ምን ያህል ክብደት እንደሚጨምርለት አስቡት። ስምንቱን ሳምንት ወደ አራት ያወረደው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው።

ኮልፌ ግን ማንዴላ ብቻ አይደለችም። እንዲያውም የማንዴላ ነገር ጉዳቱ ይህ ነው፤ ትልቅ ስም ስለሆነ ሌላውን ይጋርደዋል። የካምፑ ስም ከተነሣ ማንዴላ፣ ከዚያ ዝም።

ከካምፑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረድ ሲባል ዘነበወርቅ አለ። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ በ1920ዎቹ አጋማሽ በዶክተር ቶማስ ላምቢ አማካይነት ተመሥርቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ተሐድሶ ማዕከል በዚያው ተቋቋመ። ሕክምና ፍለጋ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም በእግር የመጣ ሰው ከዳነ በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በሽታው ቢለቀውም ሰው አልለቀቀውም። እዚያው አጥሩ ሥር ጎጆ ቀለሰ፣ አገባ፣ ወለደ። ሰፈሩ የተቆረቆረው እንዲህ ነው። የቀደምት ቤተሰብ ታሪክ ሲባል የመሳፍንትና የነጋድራስ ዘር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ዘነበወርቅ ላይ ቀደምቱ ቤተሰብ ይህ ነው። የዘር ሐረጉ የሚጀምረው ከሕመምተኛ ካርድ ነው። ያ ካርድ የመጣበትን አውራጃ፣ ዕድሜውን፣ የገባበትን ቀን ይዟል። ልጁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርዱን ሸሽጎት ኖሯል፤ የአባትን በሽታ ማሳወቅ የእህትን ትዳር የሚያፈርስበት ዘመን ብዙ ሩቅ አይደለምና።

ሦስተኛው መዝገብ ማንም መዝገብ ብሎ የማያስበው ነው። የዕድር ደብተር።

አንድ የቆየ ዕድር ከሦስት ያላነሰ ደብተር አለው። የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮ መቆጣጠሪያ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተር። አባል ሲገባ ስሙ ከነባለቤቱና ከነልጆቹ፣ አንዳንዴም ከነእናት አባቱ ይጻፋል፤ ለማን ለማን ድንኳን እንደሚተከል መታወቅ አለበትና። ሲሞት ቀኑ ይጻፋል። ሰፈር ሲለቅ ይሰረዛል። ስብሰባ ላይ ተጣልቶ የወጣው፣ መዋጮ አልከፍልም ብሎ የተቀጣው፣ ‹ጡሩምባ ነፊው በሰዓቱ አልነፋም› ተብሎ የተገሠጸበት ሁሉ አለ። የመዋጮው መጠን ከሳንቲም ወደ ብር፣ ከብር ወደ አሥርና ሃምሳ ብር ሲያድግ የኑሮ ውድነት ታሪክ ነው። በአንድ ወር ውስጥ የተከታተሉ የወጣት ሞቶች የ1969 እና የ1970 ገጽ ላይ ምን ማለት እንደሆኑ ለዚያ ዘመን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያለፈውን መቶ ዓመት የከተማ ሕዝብ ታሪክ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ምንጭ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ደብተሩ ያለው ደግሞ ጸሐፊው ቤት፣ ቡፌው ሥር፣ ከልጆች አሮጌ የትምህርት መጻሕፍት ጋር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጠው የቤትና የመሬት ወረቀት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ካርታውና የውል ወረቀቱ ሕጋዊ ዋጋውን አጣ። ሰዎች ግን አልጣሉትም። ‹ዘመን ይለወጥ ይሆናል› እያሉ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። በዚህ ተስፋ የተጠበቁ ወረቀቶች ዛሬ ኮልፌ ከመርካቶ ወደ ምዕራብ እንዴት እንደሰፋች፣ ማን ለማን ስንት ክንድ መሬት በስንት ብር እንደሸጠ፣ የማን እርሻ የማን ሰፈር እንደሆነ ይናገራሉ። የገበያው ታሪክ ራሱ የመፈናቀል ታሪክ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወስደው ነው የከተማዋ ክብደት ወደ ኮልፌ በኩል ያዘነበለው።

ወረቀት እንዴት እንደሚሞት ደግሞ አዲስ አበባ በደንብ ታውቃለች። ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ሲወጡ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። የካቲት 12 ቀን 1929 እና በተከታዮቹ ቀናት ሰው ከነቤቱ ነደደ። ከ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ስምምነት አንቀጽ 37 ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስና የመዝገብ ሰነድ በ18 ወር እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። ሐውልቱ እንኳ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ወረቀቱ እንደ ሐውልት ጎልቶ ስለማይታይ ጠያቂው ጥቂት ነው። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ሰው መጽሐፉን፣ ደብዳቤውን፣ የዩኒቨርሲቲ ፎቶውን በገዛ እጁ ምድጃ ውስጥ ከተተ። ከሰፈር ሰፈር ስንት ማስታወሻ የእንጀራ ምጣድ ማሞቂያ እንደሆነ የሚናገር አመድ የለም።

ይህ የእሳቱ ሞት ነው። የዘንድሮው ሞት ግን ጸጥ ያለ ነው። አባት ያርፋሉ፤ አርባ ይወጣል፤ ቤቱ ይከፋፈላል። ልጆች ሣጥኑን ይከፍታሉ። ወርቅና የባንክ ደብተር ይለያል፣ ቀሪው በማዳበሪያ ጆንያ ይታሰራል። ቁራሌው በር ላይ ሲጮህ ይወጣለታል። ከዚያ ምናለሽ ተራ ነው፤ ወይም የበርበሬ መጠቅለያ። በንጉሡ ዘመን ማኅተም የተጠቀለለ ቅመም ገዝቶ የሚያውቅ የመርካቶ ሰው ጥቂት አይደለም። ያልተሸጠው ቆሼ ይወርዳል።

ቆሼ ሲነሣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ይነሣል። የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። የሞቱት ሞቱ፤ የተረፉት ደግሞ መታወቂያቸው፣ የልደት ካርዳቸው፣ የሟቾቹ ፎቶ ከቤቱ ጋር ተቀበረ። ሐዘንተኛ የሚለቀስበት ፎቶ ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት አለ። ፒያሳ ላይ የተጀመረው ወደ ሌላው ሰፈር ተዛምቷል። የአሮጌ ቤት መፍረስ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው አንድ ነገር ነው። ነዋሪ ሲነሣ ፍሪጁና አልጋው ይጫናል፤ ሦስት ትውልድ የተከማቸበት የቆርቆሮ ሣጥን ግን ለኮንዶሚኒየም አይመጥንም ተብሎ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ቅርስ የሚባለው ሕንፃው ብቻ ከሆነ፣ ሕንፃው በፎቶ ቀርቶ ማን እንደኖረበት የሚናገረው ሣጥን ይጠፋል።

የማን ወረቀት እንደሚተርፍ ለማየት ወደ መጻሕፍት መደርደሪያ ማየት ይበቃል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1969 አረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸው የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው። ልዑል ራስ እምሩ በ1972 አረፉ፤ ‹ካየሁት ከማስታውሰው› የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም መጽሐፋቸው የታተመው እሳቸው ካለፉ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. ነው። ሦስቱንም ያሳተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ሦስቱም የእጅ ጽሑፎች ደርግን ያለፉት ዋጋውን የሚያውቅ፣ የሚያነብ፣ የሚደብቅበት ቦታ ያለው ሰው ስለነበራቸው ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም ‹ዝክረ ነገር›ን በ1942 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ የጸሐፌ ትእዛዝ ልጅ ስለነበሩ ግብርና የመሬት ሥርዓት የተጻፈበት ወረቀት ለእሳቸው ሩቅ አልነበረም። ዛሬ የአገሪቱን የመሬት ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ያንን መጽሐፍ ሳይከፍት አያልፍም። የሹም ልጅ ሰነድ መጽሐፍ ይሆናል። የሃምሳ አለቃ ሚስት ሣጥንስ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ከስብሰባ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ ‹ሙዚየም ይገንባ›። መሬት ይጠየቃል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል። አሥር ዓመት ያልፋል። ሕንፃው ቢያልቅ እንኳ ውስጡ የሚገባው ነገር እስከዚያ የለም። ሙዚየም ክፉ አይደለም። ሐረር ላይ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቡት መጽሐፍ፣ ሳንቲምና የድምፅ ቅጂ ዛሬ በተፈሪ መኮንን ቤት የከተማው ሙዚየም ሆኗል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያም ቤተሰብ ያመጣው ፎቶና ልብስ ነው ግድግዳውን የሞላው። ግን የሁለቱም ቅደም ተከተል ይታይ። መጀመሪያ ዕቃው የት እንዳለ ታወቀ፤ ቤቱ ኋላ መጣ።

ኮልፌ የሚያስፈልጋት ዝርዝር ነው። ማን ቤት፣ ምን ዓይነት ሰነድ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት፣ በምን ሁኔታ። ወረቀቱ ከቤቱ አይወጣም።

ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። ባለርስት የመሬቱን ነገር ለማጽናት ሲፈልግ ወረቀቱን ቤቱ አያኖርም ነበር፤ ደብሩ ሄዶ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ወይም ኅዳግ ላይ ያስጽፋል፤ ምስክሮቹ በስም ይዘረዘራሉ። ‹ወንጌል ዘወርቅ› የሚባሉት መጻሕፍት ከቅዳሴው ሌላ የአገር መዝገብ ቤት ነበሩ። ዶናልድ ክረሚ የጎንደርንና የጎጃምን የመሬት ታሪክ ሲጽፉ ዋናው ምንጫቸው ይኸው የኅዳግ ጽሑፍ ነበር። ወንጌሉን ማንም ቢሮ አልወሰደውም፤ እዚያው ደብሩ ነው ያለው።

በኋላ ዘመን ደግሞ የማይክሮፊልሙ ሥራ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የባህል ሚኒስቴርና በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የብራና መጻሕፍትን ፊልም ማንሣት ጀመሩ። መጻሕፍቱ ለቀረጻ ይመጣሉ፤ ተነሥተው ለባለቤታቸው ይመለሳሉ። አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ሥራው አልቆመም። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ፊልም ብቻውን ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ያለ ጥቅልል ነው። ብርሃን የሰጠው ካታሎጉ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው በጥይት መትተዋቸው ከወገብ በታች ሽባ ሆኑ፤ ለሕክምና ወጥተው ሚኒሶታ ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው አሥርት ዓመታት ሙሉ እያንዳንዱን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እያነበቡ ‹ይህ ድርሳን ነው፣ ይህ ገድል ነው፣ በዚህ ቅጠል ላይ የመሬት ሽያጭ ተጽፏል› እያሉ ዘረዘሩ። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ኅዳጉን ሳይቀር መዘርዘራቸው ነው ዛሬ አንድ ተመራማሪ ከአንድ የመንዝ ደብር መጽሐፍ ጀርባ ላይ ያለን የርስት ክርክር ጠረጴዛው ላይ ሆኖ እንዲያገኝ ያደረገው።

ትግራይ ከዚያ ሥራ በአብዛኛው ውጭ ቀረች። የ2013ቱ ጦርነት ሲመጣ፣ ፊልም ያልደረሰበት ደብርና ፊልም የደረሰበት ደብር ልዩነቱ ምን እንደሆነ ግልጽ ሆነ። አንዱ መጽሐፉ ቢጠፋ ቢያንስ ምን እንደጠፋው ያውቃል።

የቤተሰብ ሰነድ ሲዘረዘር የራሱ ጣጣ አለው። ከውጭ የተቀዳ የካታሎግ ቅጽ የመጀመሪያው መስመሩ ‹የቤተሰብ ስም› ይላል። እዚህ የቤተሰብ ስም የለም። አያት፣ አባትና ልጅ በሦስት የተለያየ ስም ይጠራሉ፤ ሴቲቱ ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ስለዚህ የአንድ ቤት ወረቀት ቅጹ ላይ አራት ቤት ይሆናል። በዚያ ላይ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ አንዳንዱ ጋ የፈረስ ስም አለ። ሐጂ ከተባለ በኋላ ያለው ወረቀት ከዚያ በፊት ካለው አይገናኝም። ዝርዝሩ እያንዳንዱን ስም እንደተጻፈ ወስዶ ‹እሳቸው ናቸው› ብሎ ማያያዝ አለበት። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠም በኮምፒውተር ፍለጋ ውስጥ ወንድማማችነታቸውን ይረሳሉ።

አድራሻውም እንዲሁ። አንድ የኮልፌ ቤት በንጉሡ ጊዜ በወረዳና በሰፈር ስም፣ በደርግ ጊዜ በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በክፍለ ከተማና በአዲስ ወረዳ ይጠራል። ቁጥሩ ሲቀየር የቆየውን ከአዲሱ የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ‹ከፍተኛ ይህን ያህል› የሚለው ጽሑፍ የባዕድ አገር አድራሻ ይሆናል። የዓመቱ ነገርም አለ። የሆስፒታል ካርድ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የዕድሩ ደብተር በኢትዮጵያ ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት እያምታቱ ስንቱ የልደት ቀን ተበላሽቷል።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ነገር አለ። ወረቀት ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄዱ ልጆች ‹ላሚኔት ይደረግልኝ› ይላሉ። በቅንነት ነው። የሚቀልጠው ሙጫና ሙቀቱ ግን አሮጌውን ወረቀትና ቀለም ይጎዳል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ስኮችም እንዲሁ፤ ቢጫ ሆኖ ይበላዋል። አሮጌ ሰነድ የሚፈልገው ደረቅ ቦታ፣ ንጹሕ ወረቀት መሐል መቀመጥ፣ ከብልና ከአይጥ መራቅ ነው። ፎቶ ከሆነ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹ ስም ይጻፍ፤ በእስክሪብቶ አይደለም፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። በስልክ ያነሣችሁትን ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ከምስሉ ጋር የተያያዘው ቀንም ይጠፋል። ፎቶዎቹን ከማንሣታችሁ በፊት ሣጥኑ ውስጥ ያለበትን ቅደም ተከተል አትበትኑ። አያት ደብዳቤውን ከግብር ደረሰኙ ጋር ያሠሩት ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል።

የሚከብደው ግን ፍርሃቱ ነው። ‹ምን አለህ?› ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የዚህ አገር ልምድ ያስተማረው መልስ ‹ምንም› የሚል ነው። ካርታ አለኝ ካለ የይዞታ ጥያቄ ይነሣል ብሎ ይሰጋል፤ የአባቴ የፖሊስ ማዕረግ አለ ካለ ‹በየትኛው ዘመን?› ይባላል፤ የአለርት ካርድ ካሳየ የተሸሸገው ይገለጣል። ይህን ፍርሃት ‹የግንዛቤ እጥረት› ብሎ ማለፍ ስድብ ነው። በተሞክሮ የተገኘ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሁለት ዓይነት መሆን አለበት፤ ለሁሉ የሚታይ አንድ መስመር፣ በቤተሰቡ ፈቃድ ብቻ የሚከፈት ሌላ። ‹እናቴ እስካሉ አይከፈትም› የሚል ቃል ሊከበር ይገባዋል። በየትኛውም የሠለጠነ ቤተ መዛግብት 30 ዓመት፣ 50 ዓመት ተዘግቶ የሚቆይ ማኅደር አለ።

ሕጉ ለዚህ እንቅፋት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱ እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ነው የሚያዘው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱም፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ወመዘክር የሚለው፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ 12 ሰነዶችን በዓለም መታሰቢያ ያስመዘገበችው በዚሁ ቤት አማካይነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ቦታ አግኝቷል። ከወመዘክር እስከ ዘነበወርቅ ግን አንድ ታክሲ አያደርስም፤ ማንም አሮጊት የባላቸውን የጡረታ ደብተር ይዘው ያን ያህል መንገድ አይሄዱም። ወደ እሳቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ከእሳቸው ጋር የሚተዋወቅ፣ ቡና አብሮ የሚጠጣ፣ ‹እማማ፣ ያ የግድግዳው ፎቶ ማን ነው?› ብሎ የሚጀምር።

ያ ሰው የታሪክ ተመራቂ የሆነ የሰፈሩ ወጣት ሊሆን ይችላል። መነሻው ግን የዕድሩ ጸሐፊ ቤት ቢሆን ይሻላል። ጸሐፊው ማን ወደ ሰፈሩ መቼ እንደገባ፣ የማን ልጅ ውጭ አገር እንዳለ፣ የማን ሣጥን ከማን ጋር እንደተከፈለ ያውቃሉ። የሚዘጋጀው ዝርዝር በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በዕድሩ ሣጥን፣ አንዱ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ አንዱ በወመዘክር። አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ አሉ።

አዲስ ጸሐፊ ሲመረጥ ርክክብ ይደረጋል። ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ይቆጠራል፣ በሥራ ላይ ያለው ደብተር ተፈርሞበት ይሰጣል። የሞሉት አሮጌ ደብተሮች ግን በርክክቡ ሰነድ ላይ አይጻፉም። አገልግሎታቸው አልቋል ተብሎ የቀድሞው ጸሐፊ ቤት ይቀራሉ።